ለአገር ድንኳን አይተከልም

አቃቂ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ፋብሪካው በዚያ ቀን ምን እንደሚያቀልም ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ወንዙ ቀይ ሆኖ ከወረደ ጨርቁ ቀይ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ከወረደ ሰማያዊ ነው። ጎረቤቴ የነበሩት ፈረንጅ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ያዩና ወደ ሻይ ቤቴ መጥተው፣ "ዛሬ ቀይ ነው። ሰልፍ ሊያስወጡን ነው መሰለኝ" ይሉኝ ነበር። ብዙም አይሳሳቱም። ሳምንት ሳይሞላ ቀበሌው ሰልፍ ይጠራል።

ሙሴ ነበር የምንላቸው። ሰፈራችን ነጭ ለሆነ ወንድ ሁሉ የሚሰጠው መጠሪያ ይኸው ነው፤ ግሪክ ይሁን አርመን አይለይም። እሳቸው የፖላንድ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ በመንገድ መሐንዲስነት ተቀጥረው መጡ፤ ደርግ ሲገባ ሥራውም ቤቱም ሄደና ቀበሌው እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጣቸው። በኔና በሳቸው ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ ሳስነጥስ እሳቸው ከወዲያ "ይማርዎት" ይላሉ፤ እሳቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ እኔ በማላውቀው ቋንቋ የዓለሙን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ። ሰዓት እየጠገኑ ነበር የሚኖሩት። ሰውን ሁሉ አንቱ ነው የሚሉት። ሕፃኑንም፣ ሰካራሙንም። የግቢያችንን ውሻ ሳይቀር "አንቱ፣ ይነሡልኝ፣ ልለፍ" ይሉታል።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ ልጅ እስክወልድ ካቢናው ውስጥ አብሬው ዞሬያለሁ። ኮምቦልቻ አድሬአለሁ፣ ሚሌ አድሬአለሁ፣ አሰብ ላይ ባሕሩን አይቼ "ይኼ ሁሉ ውሃ ማን ደፋው?" ብዬ አስቄዋለሁ። እሱን መኪናው ገደል ይዞት ከገባ በኋላ ቃሊቲ ኬላው አጠገብ ለሹፌሮች ሻይና ዳቦ መሸጥ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወደ አቃቂ ወረድኩ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ጎረቤቶቼ ሲስቁብኝ "አንቺ እኮ ቤት አትኖሪም፣ ታድሪያለሽ" ይላሉ።

ከሙሴ ጋር በደንብ የተዋወቅነው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ይግባ ተባለ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ገባሁ። አንድ ቀን ሙሴም ገቡ። ስንት ቋንቋ የሚጽፉ ሰው የኛን ፊደል አያውቁትም ነበርና ከኔ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸው ከመርዘሙ የተነሣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ነው።

አስተማሪዋ መዝገብ ይዛ "ሥራ?" አለቻቸው።

"ሚኒስትር" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"የምን ሚኒስትር?"

"የፖላንድ።"

"ፖላንድ ወዳጅ አገር ናት። ሚኒስትሯ አቃቂ ምን ይሠራል?"

"ወዳጃችሁ በጉልበት የተቀመጠው መንግሥት ነው። እኔ የዚያ አይደለሁም። የኔ መንግሥት ለንደን ነው ያለው።"

"መሬቱስ?"

"መሬቱ ፖላንድ ነው።"

ከኋላ አንዲት ባሏ የዘመተባት ሴት፣ "እንደኔ ቤት ነዋ! አባወራው ጅጅጋ፣ ጎጆው አቃቂ" አለች። ዳግም ሳቅ ሆነ። ሙሴ ግን ዞረው እጅ ነሷት። "ልክ እንደሱ፣ እመቤት። ባልዎ ስለሌለ ሌላ ሰው ገብቶ 'ባልሽ እኔ ነኝ' ቢል እሺ ይላሉ?" አሏት። ሴትዮዋ መሳቋን ተወች።

በኋላ ሻይ እየጠጡ አስረዱኝ። በወጣትነታቸው ትልቁ ጦርነት ሲነሣ ሁለት ጉልበተኛ ጎረቤቶች አገራቸውን እንደ ሥጋ ተካፈሏት። መንግሥቱ ሸሽቶ ወጣ፤ እሳቸውም አብረው ወጡ፤ በስደት ላይ ሳሉ ሚኒስትር አደረጓቸው። ጦርነቱ አለቀ፤ ከሁለቱ አንደኛው ግን አልወጣም። የራሱን ሰዎች ሾመ። ዓለም ሁሉ ለተሾሙት እውቅና ሰጠና ለነሙሴ "በቃችሁ፣ ተበተኑ" አላቸው። እነሱ አንበተንም አሉ። ለንደን በተከራዩት ቤት ዛሬም ይሰበሰባሉ፣ ሲሞቱ ይተካካሉ። ሙሴ እንጀራ ፍለጋ እኛ አገር ቢመጡም የዚያ መንግሥት ሰው ናቸው።

"ታዲያ ይኼ መንግሥታችሁ ቀረጥ ይሰበስባል?" አልኳቸው።

"የለም።"

"እስር ቤት አለው?"

"የለም።"

"ስብሰባ ቅሩ፣ ሰልፍ ውጡ ይላል?"

"ማንን ይላል?"

"እንግዲያው እኔንም አስገቡኝ፤ ከሁሉ የሚሻል መንግሥት ነው" አልኳቸው። ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ።

አገር የሚሉት ነገር ግን አይገባኝም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ለኔ አገር ማለት መኪናው ያደረበት ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። "አንቱ ሲያሰኝዎት ወሎ ይሄዳሉ" አሉኝ። "ሊሄዱ ስለሚችሉ ነው የማያስታውሱት። በሩን ይዝጉብዎትና ያኔ እንነጋገራለን።"

ዕድራችንን ይወዱት ነበር። አባል ሆነው ከገቡ ጀምሮ አንድ ልቅሶ አልቀሩም። የእስላም ይሁን የክርስቲያን፣ የሀብታም ይሁን የደሃ፣ ጡሩምባው ሲነፋ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ፤ አግዳሚ ይሸከማሉ፣ ድንኳን ይወጥራሉ፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር እናት የሞተች ጊዜ እንኳ ሦስቱንም ቀን ከድንኳን አልወጡም። "እኔ እዚህ ነው የምሞተው" ይሉኝ ነበር። "ለንደን ሲሞቱ ጎረቤት አያውቅም። እዚህ ግን ይነፋልኛል።"

ይኸው የቀበሌ ሊቀመንበር የኛው ልጅ ነው። ፈትል ክፍል ይሠራ የነበረ፣ ሻይ ቤቴ ደጃፍ ያደገ። ድሮ ሙሴን አንቱ ይላቸው ነበር፤ ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ ግን "አንተ" ሆነዋል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሻይ ቤት መጣና ቆሞ፣ "ሙሴ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አለ።

"ምን ተገኘ?"

"ከአገርህ መንግሥት እንግዶች ይመጣሉ፤ ፋብሪካውን ሊያዩ። አንተ በር ላይ ባንዲራውን ይዘህ በቋንቋቸው 'እንኳን ደህና መጣችሁ' ትላቸዋለህ። ከነሱ ጋር ኤምባሲ ሄደህ ደግሞ ፓስፖርት ትወስዳለህ። የያዝከው ወረቀት የማን እንደሆነ የማይታወቅ መንግሥት ወረቀት ነው፤ ከእንግዲህ በሱ መኖር አይቻልም ተብሏል።"

"ባልወስድስ?"

"ከአገር ትወጣለህ። ከላይ የመጣ ነው።"

ሙሴ ስኳሩን ቀስ ብለው አማሰሉ። "ባንዲራውን እወደዋለሁ። የሰቀሉትን ሰዎች ነው የማልወደው" አሉ።

"ግማሽ ሰዓት መቆም ነው እኮ፣ ሙሴ!"

"ግማሽ ሰዓት ከቆምኩማ አርባ ዓመት አልቆምም ያልኩት ለምን ነበር?"

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። "እትዬ፣ እስቲ ምከሪው። አርጅቷል፣ የት ይሄዳል?" ብሎ ወጣ። እሱ ራሱ የጨነቀው ይመስል ነበር።

እኔም መከርኳቸው። "ምን አለበት ቢቆሙ? አላህ ልብዎን ያውቀዋል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል።"

"ሰማይ አይታረስም፤ እስማማለሁ" አሉኝ። "ግን አንድ ሰው መጥቶ 'ይኼ ሰማይ አይደለም፣ የኔ እርሻ ነው፣ ፈርሚ' ቢልዎት ይፈርማሉ?"

"አልፈርምማ።"

"በቃ።" ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ታህሳስ ገባ። የዚያን ዓመት ብርዱ ከወንዙ ይነሣና አጥንት ይገባ ነበር። አንድ ጠዋት የሙሴ ሬዲዮ ሲንጫጫ ቆየና ድንገት ጸጥ አለ። ድልድዩ ላይ አልወጡም። ሻይም አልመጡም። ዳቦ ደጃፋቸው ላይ አኑሬ ስመለስ እዚያው ደርቆ ጠበቀኝ። በማግስቱም እንዲሁ። በበሩ ቀዳዳ ባይ ጢማቸውን አልተላጩም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ማታ ግድግዳው ወዲያ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሽማግሌ ወንድ ሲያለቅስ ድምፁ ሳል ይመስላል፤ ጆሮዬን ለጥፌ ነው የለየሁት።

ከግቢያችን ሴቶች ጋር ተማከርን።

"ታመው ነው" አለች ከሰል ሻጯ።

"የታመመ ሰው ያቃስታል እንጂ እንዲህ አያለቅስም" አልኩ። "ይኼ መርዶ ነው።"

"ማን አረዳቸው? ሰው ሲገባ አላየንም።"

"ፈረንጅ በሬዲዮ ነዋ የሚረዳ!" አለች ባሏ የዘመተባት ሴት። ይህ ለሁላችንም ታየን። አገራቸው የቀረች አንዲት እህት እንዳለቻቸው እናውቃለን፤ ዘመድ የሚሏት እሷን ብቻ ነው። እህትየው ሞታለች ማለት ነው።

ገብተን ብንጠይቃቸው ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን መርዶ የሰማን ሰው "ማን ሞተብህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሐዘንተኛ አይጠየቅም፤ ይደረስለታል። ስለዚህ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድን። ዳኛው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ደንብ ይወዳሉ። "የአባል እህት ስትሞት ድንኳን፣ ጡሩምባ፣ ሦስት ቀን መቀመጥ" አሉ። "ሙሴ አንድ ልቅሶ አልቀሩብንም። እኛም አንቀርም።"

ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ተነፋ። እንግዶቹ ወደ ፋብሪካው የሚመጡት በዚያው ቀን እንደሆነ ማናችንም ልብ አላልንም። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተወጠረ፤ ንፍሮው ተጣደ፤ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ጥጡ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ መጥተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ።

ያኔ የሙሴ በር ተከፈተ። ተላጭተዋል። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሰው ሁሉ ለሐዘንተኛው ብድግ አለ። እሳቸውም ለሁሉም አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ አለፉና፣ እንደ ወትሯቸው፣ ወደ አግዳሚው ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ዳኛው ወደ ፊት ሊያመጧቸው ቢሞክሩ "ግድ የለም፣ እዚህ ይሻለኛል" አሉ። ጥቂት ቆዩና ወደ ዳኛው ጆሮ ተጠግተው፣

"ማን ነው የሞተው?" አሏቸው።

ጡሩምባ ሰምተው ልቅሶ ሊደርሱ ነው የወጡት! ዳኛው ላብ አጠመቃቸው። በቀኝ ያለውን ሠራተኛ በክርናቸው ነካ አደረጉት፤ እሱም ቀጥሎ ያለውን። ጥያቄው አግዳሚውን ሙሉ ዞሮ ሴቶቹ ዘንድ ደረሰ፤ ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። ንፍሮ እያደልኩ ነበር። ሙሴም አዩኝ። "አንቱ፣ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ከመካከላችን ማንን አጣን?"

"የእርስዎን እህት" አልኳቸው።

"የኔን?" ብድግ አሉ። "ማን አለ?"

"እርስዎ አለቀሱ። እኔ ሰማሁ። ከዚያ ሬዲዮው…"

ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ። ከዚያ የነገሩ አመጣጥ ገባቸውና መሳቅ ጀመሩ። ድንኳን ውስጥ ሲሳቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ፤ ዳኛው አንሥተው አቧራውን አራገፉላቸው።

"እህቴ ደህና ናት" አሉ በመጨረሻ። "ያለቀስኩት ለሌላ ነው። አገሬ ውስጥ ወታደር ወጥቷል። ታንክ መንገድ ላይ ነው። በየፋብሪካው 'መብታችን ይከበር፣ ማኅበራችንን ራሳችን እንምራ' ያሉትን ሠራተኞች ሌሊት ከየቤታቸው ለቅመው አሰሯቸው። ስልክ ቆረጡ። ይኼን ነው የሰማሁት።"

ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ሠራተኛውን? የሠራተኛ መንግሥት?" አለ አንዱ፣ አፉ ውስጥ።

"ንፍሮህን ብላ" አሉት ዳኛው።

ድንኳኑ ይፍረስ አይፍረስ ክርክር ተነሣ። ከሰል ሻጯ "የተወጠረ ድንኳን ባዶውን አይነቀልም፣ ሌላ ይጠራል" ትላለች። እንዲህ ስንጨቃጨቅ ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች አስከትሎ ግቢው ገባ። በእጁ ነጭና ቀይ ባንዲራ ጠቅልሎ ይዟል፤ ፋብሪካው ያሰፋው ነው። ሙሴን ሊወስድ ነው የመጣው። ድንኳኑን ሲያይ እግሩ ተያዘ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ማን ነው?" አለ ዝግ ብሎ።

ሰው ሁሉ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛውም፣ እኚያ የደንብ ሰው፣ ቀና ብለው "የሙሴ እህት" አሉ። እኛም ሴቶቹ ሳንነጋገር ማልቀስ ጀመርን። እንዴት ያለ ልቅሶ! ባሏ የዘመተባት የራሷንም ጨምራ ነው ያወረደችው።

ሊቀመንበሩ ባንዲራውን ከኋላው ደበቀ። "እግዜር ያጥናዎት፣ ሙሴ" አለ። ስብሰባ ላይ እግዜር የለም ብሎ የሚያስተምረው ልጅ። አንቱታውም ተመለሰለት። "አልሰማሁም ነበር። ልቅሶ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ተቀበል አይባልም፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። የፓስፖርቱንም ነገር… አርባው ይውጣና እናየዋለን። ማን ያውቃል፣ እስከዚያ ይረሳም ይሆናል።"

ልባችን መለስ አለ። እኛ በስሕተት የወጠርነው ሸራ ሰውየውን ሊያተርፋቸው ነው! ከሳቸው የሚፈለገው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እንደሳቸው የሚችልበት የለም። በዓይኔ ለመንኳቸው።

ሙሴ ተነሡ።

ካፖርታቸውን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁና፣ "ማንም አልሞተም" አሉ።

"ሙሴ፣ ተቀመጡ" አሉ ዳኛው።

"እህቴ በሕይወት አለች። እኔ ይመቸኝ ብዬ በቁሟ አልቀብራትም። አንቱም፣" አሉት ሊቀመንበሩን፣ "ለሰዎቹ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ሽማግሌው ያልመጣው ሐዘን ላይ ስለሆነ አይደለም። ስለማይፈልግ ነው። አገሬም አልሞተችም። ለአገር ድንኳን አይተከልም።"

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። መዋሸታችን ነው ወይስ "አንቱ" ማለቱ ያናደደው፣ አላውቅም። ሽጉጡን ዳሰስ አደረገ። "እንግዲያው ይኼ ሁሉ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ልቅሶ ካልሆነ ያለ ፈቃድ የተጠራ ስብሰባ ነው። ሁላችሁም ትጠየቁበታላችሁ!"

እኔ ጮክ ብዬ መናገር አልወድም። ሹፌሮች ሲጣሉ እንኳ ሻይ አቀርባለሁ እንጂ መሐል አልገባም። የዚያን ዕለት ግን ንፍሮ የያዘውን ሳህን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

"ልቅሶ ነው፣ ልጄ" አልኩት። "ሰውየውን ልታስወጣብን አይደል? ከሄዱ በኋላ ለማን ድንኳን እንጥላለን? ስለዚህ ቀድመን፣ እሳቸው እያዩን እየተቀመጥንላቸው ነው። ይኼን የሚከለክል አዋጅ ካለ አንብብልኝ። ፊደል እኮ እናንተው አስቆጥራችሁኛል፤ እከታተላለሁ።"

አንድ ሠራተኛ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዳኛው በቀስታ "ድንኳን የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣም" አሉ። "እናትህ የሞተች ጊዜ ይኼን አግዳሚ ማን እንደተሸከመው ታስታውሳለህ?"

ሊቀመንበሩ ሙሴን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ልጆቹን አየ። ከዚያ ተቀመጠ። ባንዲራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሳህኔ ጥቂት ፍሬ ዘገነና በላ። ሲነሣ ባንዲራውን አግዳሚው ላይ ረሳው፤ ወይም ተወው። እንግዶቹን ማን እንደተቀበላቸው አልሰማሁም። ፋብሪካው ግን በዚያ ቀን ሠራተኛ እየጠራ ሲያፏጭ ውሏል።

ድንኳኑን አልነቀልነውም። ሦስቱን ቀን ተቀመጥን፤ ከየፈረቃው የወጣ ሠራተኛ እየመጣ "እግዜር ያጥናዎት" ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ "አልሞተችም" ይላሉ፤ ሰውም "እግዜር ያቆያት!" ብሎ ይቀመጣል።

ከአገር ይውጡ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ጥር ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ አመጣው፤ ቀና ብሎ አላያቸውም። ሰውየው እዚህ ልሙት ያሉትን ቦታ በአንድ ቃል ሊገዙት ይችሉ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ በዝምታ ሊገዙት ይችሉ ነበር። አልገዙም። ጅቡቲ የሚቀበሏቸው ወዳጆች ነበሩና በባቡር እንዲሄዱ ሆነ። ለገሃር ሳይሆን ከአቃቂ ጣቢያ ልሳፈር ብለው አስቸገሩ፤ ይኼን ፈቀዱላቸው።

ጣቢያው ላይ አጃቢያቸው ወታደር ሕዝቡን ሲያይ ደነገጠ። "ምንድን ነው ይኼ? ማልቀስ አይቻልም!" አለ።

"ማን አለቀሰ?" አለች ከሰል ሻጯ። እጇን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እልልታውን ለቀቀችው። ሴቱ ሁሉ ተቀበለ። ሙሽራ የምንሸኝ ነበር የሚመስለው። ወታደሩ ለእልልታ የተሰጠው ትእዛዝ አልነበረምና ጠብመንጃውን ወዲህ ወዲያ አዟዙሮ ቆመ። ሙሴ መስኮቱ ላይ ነበሩ፤ ዳቦ በመሐረብ ቋጥሬ አቀበልኳቸው።

"በሩን ዘጉብኝ እንግዲህ" አሉኝ። "ሁለት በር ሆነ።"

"አንዱን ያንኳኩ፣ አንዱን እኛ እንጠብቃለን" አልኳቸው።

ዳኛው የባቡሩን ደረጃ ይዘው ቆመዋል፤ እንደ ድሮ ሥራቸው። "የትም ቢሆኑ የዕድራችን አባል ነዎት" አሏቸው።

"ስሞት ማን ይነግራችኋል?"

"ማንም አይነግረንም።"

"እንግዲያው አልሞትም" አሉ ሙሴ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ቀበሌው በሳምንቱ ስብሰባ ጠራና ሰውየውን ከዕድሩ ሰርዙ አለን። ዳኛው ተነሥተው፣ "ዕድር የሚሰርዘው ልቅሶ የቀረን ሰው ነው። እሳቸው አልቀሩም" ብለው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል የሙሴ አገር ሰዎች የወደዱትን መረጡ፣ የታሰሩትም ወጥተው መንግሥት ሆኑ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ፤ ይኼኛው የገባኝ ቋንቋ ነበር። እሳቸው ያን ቀን ይድረሱበት አይድረሱበት የነገረኝ የለም። የልጅ ልጆቼ ያሰሉና "እማማ፣ በዚያ ዕድሜ እኮ በሕይወት ሊኖሩ አይችሉም፤ ሞተዋል" ይሉኛል።

"መርዶውን ማን አመጣ?" እላቸዋለሁ።